በክረምት የሚቀረቀር፣ በበጋ መንገደኛ የሚያሳይ በር

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አፍንጮ በር በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አያቴ በጃንሆይ ዘመን ባሠሩት ጭቃ ቤት ነው። የመንገድ በሩ ከታች ስለበሰበሰ አንሥተን ጓዳ አስቀመጥነውና በባሕር ዛፍ ጣውላ አዲስ አሠራን። ጣውላዎቹ ጎን ለጎን በቪናቪል ተጣብቀው ከኋላ በሁለት አግዳሚና በአንድ ሰያፍ በሚስማር ተመትተዋል። ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ፤ በክረምት አልዘጋ ይላል፣ በበጋ በስንጥቁ መንገደኛ ይታየናል። አንዱ አናጺ ‹ጠንካራ እንጨት ነው፣ ጊዜ ስጡት ይለምዳል› አለን። ሌላው ‹ላሜራ አሠሩና ተገላገሉ› ይላል። እኔ የምፈልገው እንደ ድሮው ያለ ሚስማር የተጋጠመ የእንጨት በር ነው። በምን እንጨት፣ እንዴት ይሠራ? የድሮውን ቁልፍስ መልሰን መጠቀም እንችላለን?»

አይለምድም። እንጨት ከተቆረጠ መቶ ዓመት ቢሆነውም አየሩ ሲረጥብ ውሃ ይስባል፣ ሲደርቅ ይለቃል፤ በዚያው ልክ ይሰፋል፣ ይጠባል። አዲስ አበባ ላይ ጣሪያ ሥር ያለ እንጨት በሐምሌና በነሐሴ ከደረቅ ክብደቱ 15 ወይም 16 ከመቶ የሚሆን እርጥበት ይይዛል፤ ጥርና የካቲት ላይ ወደ 10 ገደማ ይወርዳል። እርጥበቱ በአንድ ከመቶ በተለወጠ ቁጥር እንጨት በአማካይ የወርዱን 0.2 ከመቶ ያህል ይንቀሳቀሳል። እስኪ ያስሉት፦ ጣውላው ተጣብቆ 90 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው አንድ ወጥ ሰሌዳ የሆነ በር ከክረምት እስከ በጋ 9 ሚሊ ሜትር ይለዋወጣል። አናጺው በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሚሊ ቢተው ስድስት ነው። የቀረው ሦስት ሚሊ የት ይሂድ? በክረምት መቃኑን ይጫናል። በበጋ ደግሞ ሊሰበሰብ ሲል ሚስማሩና ከኋላው ያለው አግዳሚ አንቀው ስለሚይዙት ይሰነጠቃል። የእርስዎ በር ሁለቱንም አድርጓል፣ ማድረጉም አይገርምም።

በርዝመቱ ግን እንጨት የሚንቀሳቀሰው ከቁጥር የማይገባ ነው። የድሮ በር ሠሪዎች ብልሃት ሁሉ ከዚህች ነገር የመጣ ነው። በሩን ወጥ ሰሌዳ አያደርጉትም፤ ሁለት ቋሚና ሦስት አግዳሚ አጋጥመው ማዕቀፍ ይሠራሉ፣ በመካከሉ ባለው ክፍት ቦታ ፓኔል፣ ማለትም ሳሳ ያለ የመሙያ ሰሌዳ፣ ይሰካሉ። የበሩን ወርድ የሚወስነው በአብዛኛው የአግዳሚዎቹ ርዝመት ስለሚሆን፣ የሚሰፋና የሚጠበው የሁለቱ ቋሚዎች ወርድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቋሚ 12 ሳንቲ ቢሆን ድምሩ 24 ሳንቲ፣ የዓመቱ እንቅስቃሴ 2.4 ሚሊ። ከ9 ወደ 2.4 ወረደ። ፓኔሉ በማዕቀፉ ውስጠኛ ጠርዝ በተፈለፈለ ቦይ ኮላ ሳይነካው ስለተቀመጠ እንደፈለገ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ማንንም አይገፋም። አያትዎ ያሠሩት በር የኖረው እንጨቱ ተአምረኛ ሆኖ ሳይሆን እንዲህ ስለተሠራ ነው።

ስለ ጥንካሬም የተምታታ ነገር አለ። መጠንከር ሌላ፣ አለመጣመም ሌላ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ይህችን ከተማ ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው፤ ለአጠና፣ ለማገር፣ ለምሰሶ እጄን ዘርግቼ እቀበለዋለሁ። ለበር ግን አይሆንም። ሲደርቅ ከሌሎች እንጨቶች በላይ ይኮማተራል፣ ቃጫው ስለሚጠማዘዝ ጣውላው እንደ ጠመዝማዛ ገመድ ይዞራል፣ ጫፉም ይተረተራል። በኮላ አይታረምም፤ ኮላው ካልለቀቀ እንጨቱ ከኮላው ጎን ይሰነጠቃል። አንዳንዱ ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት ይላል። ምስጥን ለጊዜው ያርቅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀለምም ኮላም አይዝለትም፣ የልጆቹም ልብስ ይጠቁራል። አጥር ላይ ይቅር።

ስለ አዲሱ በር ከመነጋገራችን በፊት የመጀመሪያው ለምን በሰበሰ? ይህ ካልተመለሰ ሦስተኛውም ይበሰብሳል። በዚያ ሰፈር ያሉ አሮጌ ቤቶች ሲሠሩ ደፋቸው ከመንገዱ ከፍ ያለ ነበር። መንገዱ አንዴ በጠጠር፣ አንዴ በአስፋልት፣ በኋላም በኮብልስቶን ሲደራረብ ቤቱ ባለበት ቀረ። አሸንዳ ከሌለ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ድንጋዩ ላይ ነጥሮ በሩን እስከ ጉልበት ድረስ ይረጫል። ጓዳ ያለውን በር ያውጡና ወስፌ ይዘው ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይውጉት። ወስፌው ያለ ጉልበት ከግማሽ ሳንቲ በላይ የገባበት ሁሉ በስብሷል። ብዙ ጊዜ ብስባሹ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ላይ ያቆማል፤ የፍንጣሪው ልክ እሱ ነውና። ስለዚህ አሸንዳ ያሰቅሉ፣ ከበሩ በላይ ቢያንስ 60 ሳንቲ የሚወጣ ክፈፍ ያሠሩ፣ ደፉንም ወደ ውጭ ባዘነበለ ድንጋይ ከመንገዱ ቢያንስ አምስት ሳንቲ ከፍ አድርገው ያስተካክሉ። ይህን ማድረግ የማይቻልበት ቦታ ከሆነ ማለትም ዝናብ ፊት ለፊት የሚመታው ክፈፍ የሌለው በር ከሆነ፣ የትኛውም መጋጠሚያ አያድነውም። እንጨት ሥራ ገደብ አለው።

ወስፌው የሚነግርዎ ሌላም ነገር አለ። የበሰበሰው ታችኛው አግዳሚና የቋሚዎቹ ጫፍ ብቻ ከሆነ አዲስ በር ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። አግዳሚው ይቀየራል፣ የቋሚዎቹ ጫፍም በሰያፍ ተቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት ይቀጠላል፤ የቅጥያው ሰያፍ ርዝመት የውፍረቱን ስድስት እጥፍ ከሆነ ይይዛል። ብስባሹ ከታችኛው አግዳሚ አልፎ ፓኔሉ የተሰካበት ቦይ ድረስ ከወጣ ግን አዲስ ይሠራ፣ አሮጌው ለመለኪያ ይቅረብ። ላሜራውን በተመለከተ፦ እሱም ከታች ውሃ ሲነካው ይዝጋል፣ በዝናብ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ከጭቃ ቤት ጋር አይስማማም። ሌባ ፈርተው ከሆነ ሌባ ፓኔል አይበሳም፤ ቁልፉን ወይም መቃኑን ነው የሚገነጥለው። ደካማ መቃን ላይ የተገጠመ ላሜራ ከመቃኑ ጋር ይነቀላል።

ቤቱ የቀበሌ ቤት ከሆነ፣ ወይም በቅርስነት ከተመዘገቡት አንዱ ከሆነ፣ ለእድሳቱ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። አንድ በር ነው ብለው አይናቁት፤ ሥራው ተጀምሮ ማስቆም ከሁሉ ይከፋል።

እንጨቱን እንምረጥ። ለውጭ በር እኔ የምቀበላቸው ሁለት ናቸው፦ ጽድና ዋንዛ። ጽድ ምስጥም ብስባሽም አይደፍረውም፤ ጉዳቱ ጉጥ ይበዛበታል፣ ሚስማር ወይም ብሎን ሳይበሱ ከመቱበት ይሰነጠቃል። ዋንዛ ቀለል ይላል፣ ለመሮ ገር ነው፣ ከሁሉም በላይ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ከበሮ የሚፈለፈልበት ያለ ነገር አይደለም። ዝግባ ያማረ ቀጥ ያለ ጣውላ ነው፣ ግን ቤት ውስጥ ይኑር፤ ውጭ እርጥበት ሲያገኘው ቶሎ ይሻግታል። ቀረሮም እንደዚያው። ወይራ ለበር ይከብዳል፣ ለእንጨት ችንካር ግን አቻ የለውም። ኮምፔርሳቶና ቺፑድ የሚል ካለ አይስሙት፤ አንድ ክረምት ይበቃቸዋል።

ችግሩ ጽድና ዋንዛ እንደ ልብ የሚቆረጡ ዛፎች አለመሆናቸው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን ሁለቱን ከኮሶና ከዝግባ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን መጠቀም ከልክሎ ነበር፤ ዛሬም አዲስ ጣውላ የሚሸጥልዎን ሰው ከየት እንደመጣ ወረቀት ይጠይቁት። የኔ ምክር ሌላ ነው፦ ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ይግዙ። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ የቤት ሰረገላ፣ የወለል ጣውላ፣ የበር መቃን ይገኛል። ላዩ በቀለምና በጥላሸት ስለሚሸፈን ዓይን አይለየውም፤ ጠርዙን ትንሽ በመላጊያ ያስልጡና ያሽትቱ። ጽድ ከሆነ ገና የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፤ በእርግጥም የእርሳስ እንጨት ይሠራበት የነበረ ዛፍ ነው። ከገዙ በኋላ በማግኔት ጥሩ አድርገው ይፈትሹት፣ ውስጡ የተሰበረ ሚስማር የመላጊያውን ምላጭ ያሳብደዋል። የድሮውን ቀለም ደግሞ በእሳት አያቃጥሉ፣ በደረቁም በካርታቬትራ አይፈግፍጉ፤ የሊድ መርዝ ያለበት ሊሆን ይችላልና አርጥበው ይፋቁት፣ ፍቅፋቂውንም ልጆች ከሚጫወቱበት ያርቁ።

የእንጨቱን ድርቀት በሻጩ ቃል አይመኑ። የእርጥበት መለኪያ የሌለው አናጺ በዚህ መንገድ ማወቅ ይችላል፦ ከጣውላው መሐል እንጂ ከጫፉ ሳይሆን ሁለት ሳንቲ ስፋት ያለው ቁራጭ ይቁረጥ፣ ወዲያው በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝን። 250 ግራም ሆነ እንበል። መቶ ዲግሪ በሆነ ኦቭን ውስጥ ይቀመጥ፣ በየጊዜው እየወጣ ይመዘን፤ ሚዛኑ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። 222 ግራም ላይ ቢቆም የወጣው ውሃ 28 ግራም ነው፤ 28ን ለ222 ሲያካፍሉ ወደ 12.6 ከመቶ። ለአዲስ አበባ ከ12 እስከ 13 ያለ እንጨት በክረምትና በበጋ መካከል ስለሚሆን ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም። 18 እና 20 ከሆነ ጣሪያ ሥር፣ በየመካከሉ ዱላ እየተደረገ ተደርድሮ ወራት ይቆይ። አናጺዎ «ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ በሳምንት ይደርቃል» ካለ አናጺ ይቀይሩ።

አሁን ወደ መጋጠሚያው። ለ90 በ210 ሳንቲ በር የእንጨቱ ውፍረት ከተላገ በኋላ 45 ሚሊ፣ ቋሚዎቹና ላይኛው አግዳሚ 12 ሳንቲ ወርድ፣ መካከለኛው 18፣ ታችኛው 22 ይሁኑ። ታችኛው የሚሰፋው ለውበት አይደለም፣ የበሩን ክብደት ከመዘንበል የሚይዘው እሱ ስለሆነ ነው። ወንድና ሴት የሚሉት መጋጠሚያ ቀላል ነገር ነው፦ አግዳሚው ጫፉ ላይ ምላስ ይወጣለታል፣ ቋሚው ላይ በመሮ ቀዳዳ ይፈለፈላል፣ ምላሱ ይገባል። ልኩ ግን ቀልድ አይደለም። የምላሱ ውፍረት የእንጨቱ ሲሶ ይሁን፤ ለ45 ሚሊ 15 ሚሊ። ምላሱ ቋሚውን በስቶ በሌላው ጎን ይውጣ፣ መሐል ላይ አይቁም። 22 ሳንቲ ወርድ ያለውን የታችኛውን አግዳሚ ደግሞ እንዳለ አንድ ምላስ አያድርጉት፤ ቋሚውን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ራሱም ሲጠብ ይላቀቃል። ሁለት ምላስ ይሁን፣ በመካከላቸው የምላሱ አጭር ቁራጭ ብቻ ይቅር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ቋሚዎቹ መጀመሪያ ሲቆረጡ ከላይም ከታችም አምስት አምስት ሳንቲ ትርፍ ይኑራቸው። ቀዳዳው ጫፍ ላይ ሲፈለፈልና ሽብልቁ ሲመታ ያ ትርፍ ከሌለ ጫፉ ብን ብሎ ይወጣል። ትርፉ የሚቆረጠው በሩ ሊሰቀል ሲል ነው፤ እስከዚያው በሩ ግድግዳ ላይ ሲደገፍም ጠርዙን ከመጋጨት ያድናል።

ያለ ሚስማር ማያያዝ እንዲህ ነው። ምላሱ ገብቶ ሳለ ቋሚው በ10 ሚሊ መሰርሰሪያ ይበሳል፣ ምልክቱ ምላሱ ላይ ይነሣል፣ ምላሱ ይወጣና የራሱ ቀዳዳ ከምልክቱ ወደ ትከሻው (ምላሱ ከአግዳሚው ወደሚወጣበት እርከን) በአንድ ሚሊ ተኩል ተጠግቶ ይበሳል። ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፣ የተፈለገውም ይኸው ነው። ጫፉ የቀጠነ የወይራ ችንካር ሲመታ እንደ እባብ ተጣጥፎ ሲያልፍ ምላሱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፣ ትከሻው ከቋሚው ጋር ጥርስ ለጥርስ ይገጥማል። ለማጥበቂያ ሞርሳ እንኳ አያስፈልግም። ሲገጥም ጠቅ የሚል ድምፅ አለው፤ ያንን የሰማ አናጺ ሚስማር አያምረውም። ከዚያ በውጭ በኩል የታየው የምላሱ ጫፍ ላይ ከላይና ከታች ሽብልቅ ይመታበት። ኮላ ማድረግ ከፈለጉ ተራውን ነጩን ቪናቪል ሳይሆን ውሃ የሚችለውን፣ ዕቃው ላይ ዲ3 ወይም ዲ4 የተጻፈበትን ይግዙ፤ የሚቀባውም ምላሱ ብቻ ነው። ፓኔሉ ላይ ጠብታ እንኳ ከነካ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፣ ይሰነጠቃል።

ፓኔሎቹ ከ22 ሚሊ ባልሳሳ እንጨት ይሠሩ፣ ጠርዛቸው ተስሎ 12 ሚሊ ጥልቀት ባለው ቦይ ይግቡ። ምን ያህል ክፍተት ይተው ለሚለው መልሱ በወሩ ይወሰናል። በሩ የሚሠራው በየካቲት ከሆነ እንጨቱ ሊሰፋ ነውና በየጎኑ አራት ሚሊ ይተው፤ በነሐሴ ከሆነ ሊጠብ ነውና ጠበቅ ብሎ ይግባ። ማዕቀፉ ከመገጠሙ በፊት ፓኔሎቹ ቀለም ይቀቡ፣ አለበለዚያ በበጋ ሲጠቡ ያልተቀባ ነጭ መስመር ዙሪያውን ይወጣል። የውጭው ጌጥ የታችኛው ጠርዙ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ውሃ አይቀመጥበት። በሩ ግርጌ ላይ በውጭ በኩል ውሃ ማንጠባጠቢያ እንጨት ይደረግ፤ ከሥሩ ጣት የማትገባበት ቀጭን ቦይ ከሌለው ግን ውሃው ተመልሶ ወደ ደፉ ይሳባል፣ ጥቅም የለውም።

ቫርኒሽ አልመክርም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ብርቱ ነው። ጥርት ያለ ቫርኒሽ ጨረሩን አሳልፎ ከሥሩ ያለውን እንጨት ያስበላዋል፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። የዘይት ቀለም፣ መጀመሪያ ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለት እጅ። የእንጨቱ መልክ ይታየኝ ካሉ ቀለም የተቀላቀለበት የእንጨት ዘይት ይቀቡ፣ በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ መደገም እንዳለበት አውቀው። የበሩ ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ አይረሳ። ውሃ ከሁሉ በላይ የሚገባው በቃጫው ጫፍ ነው፣ ማንም ስለማያየው ግን ማንም አይቀባውም። ውጩን ብቻ ቀብተው ውስጡን ከተዉትም በሩ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል።

የሚሰቀለው በሦስት ማጠፊያ ነው፤ እንዲህ ያለ በር ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናልና ሁለቱ አይችሉትም። ከመስቀል በፊት የመቃኑን ሁለቱን ሰያፎች ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይለኩ። ጭቃ ቤት ይወርዳል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲ ካለፈ መጀመሪያ የሚታረመው መቃኑ እንጂ በሩ አይደለም።

ቁልፉን በተመለከተ፦ አዎ፣ ይጠቀሙበት። በዚያ ዘመን በር ላይ የተለመደው ከውስጥ በኩል ላዩ ላይ የሚገጠም የብረት ሣጥን ነው፣ ለዚህ ዓይነት በር ከአዲሱ ይሻላል። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ እንጨቱ ተፈልፍሎ ውስጡ የሚገቡ ናቸው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ቁልፍ መካከለኛው አግዳሚ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ፈልፍዬ የገዛ ምላሴን ቆርጬዋለሁ፤ በሩ በዓመቱ ወገቡ ላይ ከፈተ፣ በራሴ ወጪ አዲስ ሠራሁ። የእርስዎን ሣጥን ላምባ ውስጥ ያሳድሩት፣ በብሩሽ ያጽዱት፣ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፤ የቁልፉን ምላስ የሚመልሰው ሞላ ከተሰበረ ብረት ሠሪ ያወጣዋል። ከማውለቅዎ በፊት ግን አሮጌው በር ላይ የተቀመጠበትን ቁመት ከታች ጀምረው ይለኩና ይጻፉት። ብሎኖቹ ችንካሮቹን እንዳይመቱ የመካከለኛው አግዳሚ ቁመት የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ስለሆነ፣ አናጺው መጋዝ ከማንሣቱ በፊት እጁ ላይ ይግባ።